የላቲን አሜሪካ ምግብ ክላስ በኒው ዮርክ፦ ትምህርት ቤት ይሻላል፣ የሰው ጓዳ ወይስ የዕቃ መደብር?

ባለፈው ዓመት ለአንድ ምሽት 110 ዶላር ከፍዬ የሜክሲኮ ምግብ ልማር ሄድኩ። አሥራ ስድስት ሰዎች ነበርን፤ ምድጃው ግን አራት። ሊጡ ገና ሳንገባ ተቦክቶ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ይጠብቀን ነበር። ሽንኩርቱም ተከትፎ አልቋል። የእኔ ሥራ አንዲት ድቡልቡል ሊጥ በመጫኛ መጫን ብቻ ሆነ። ምግቡ ይጣፍጥ ነበር። ሳቅን፣ ፎቶ ተነሣን፣ በላን፣ ተበታተንን።

በሳምንቱ ቤቴ ልሞክረው ብዬ ከሱቅ የበቆሎ ዱቄት ገዛሁ። ሊጡ እንቢ አለኝ። ቶርቲያው፣ ያ ስሱ የሜክሲኮ የበቆሎ ቂጣ፣ ገና ሲጫን ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ምጣድ ላይ ሲገለበጥ ደግሞ ይፈረካከሳል። ለካ የገዛሁት አሬፓ ለሚባለው ወፍራም የበቆሎ ቂጣ የሚሆነውን ዱቄት ኖሯል!

ይህን የምነግራችሁ ያንን ቤት ለማማት አይደለም፤ ስሙንም አልጠራም። ግን 110 ዶላር ከፍዬ አንድ ሰው እንኳ ስለ ዱቄቱ አልነገረኝም። ሁለቱ ዱቄቶች በብዙ ሱቅ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። የቶርቲያው ዱቄት፣ ማሳ አሪና የሚሉት፣ በቆሎው ለምግብ በሚሆን ኖራ ተቀቅሎ፣ ታጥቦ ከተፈጨ በኋላ ደርቆ የተዘጋጀ ነው። ኖራው የበቆሎውን ልጣጭ ያላቅቃል፣ ሊጡም እንዲያያዝ ያደርጋል። በበቆሎ ውስጥ ተቆልፎ የሚቀረውን ኒያሲን የተባለ ቫይታሚንም ለሰውነት ይፈታዋል። የሜክሲኮ ሰዎች ይህን ዘዴ ከብዙ ሺህ ዓመት ጀምሮ ያውቁታል። የአሬፓው ዱቄት ግን ኖራ አልነካውም። የቬንዙዌላና የኮሎምቢያ ምግብ ነው፤ ተቀቅሎ የደረቀ በቆሎ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1960 ጀምሮ በቬንዙዌላ የሚሸጠው፣ «ፓን» የተባለው ባለ ቢጫ ከረጢት ዱቄት እሱ ነው። አሬፓ ሲጋገርበት ግሩም ነው፤ ለቶርቲያ ግን አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ ክላስ የምመርጠው በሌላ ዓይን ነው። ዋናው ጥያቄዬ አንድ ነው፦ እጄ ምን ይነካል?

መጀመሪያ አገሩን ምረጡ

«የላቲን ምግብ ምሽት» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ቆም በሉ። ላቲን ምግብ የሚባል አንድ ወጥ ቤት የለም። የሜክሲኮ ጓዳ በበቆሎና በደረቅ ቃሪያ ይቆማል። የፔሩ ደግሞ በድንች፣ በዓሣ፣ በቢጫ ቃሪያ። ፖርቶ ሪኮና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሩዝ፣ ቦሎቄና ፕላንቴን፣ ያ ለማብሰያ የሚሆነው ትልቁ ሙዝ፣ ነው ነገራቸው። በሁለት ሰዓት ታኮ (ቶርቲያ ላይ የሚቀርብ ምግብ)፣ ሴቪቼ (ሎሚ ውስጥ የተነከረ ጥሬ ዓሣ) እና ኤምፓናዳ (ሳምቡሳ መሰል ምግብ) አብሮ የሚያስተምር ክላስ አንዱንም በቅጡ አያስተምርም። የሜክሲኮ ባህላዊ ምግብ በ2010፣ የፔሩ ሴቪቼ አሠራር ደግሞ በ2023 በዩኔስኮ የተመዘገቡ ናቸው። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምሽት ይገባቸዋል።

ኒው ዮርክ ለዚህ ምርጫ የተመቸች ከተማ ናት። ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶርና ሜክሲኮ በኩዊንስ ሩዝቬልት ጎዳና፣ ከጃክሰን ሃይትስ እስከ ኮሮና ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። ዶሚኒካኖቹን ዋሽንግተን ሃይትስ፣ ፖርቶ ሪኮዎቹን ምሥራቅ ሃርለም። እዚያ አንድ ቀን ዞር ዞር ብላችሁ ከበላችሁ በኋላ የትኛውን መማር እንደምትፈልጉ ምላሳችሁ ይነግራችኋል።

ትልቁ ትምህርት ቤት

በታችኛው ማንሃተን፣ ብሩክፊልድ ፕሌስ ያለው ኢንስቲትዩት ኦፍ ከሊነሪ ኤጁኬሽን ለዚህ ዓይነቱ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1975 ፒተር ከምፕ የመሠረተው ትምህርት ቤት ነው። ባለሙያ ሼፎችን ያሠለጥናል፤ ጎን ለጎን እንደ እኛ ላለው ሰው የአንድ ቀን ክላሶች ይሰጣል።

እንዲህ ያለ ቤት ጥንካሬው ሥርዓቱ ነው። ቢላ አያያዝ፣ የእሳት መጠን፣ ንጽሕና፣ ሁሉም በግራም የተለካ። ሴቪቼ መማር ከፈለጋችሁ እኔ የምመክረው ይህን መንገድ ነው። ጥሬ ሥጋ ለምንወድ ሰዎች ሴቪቼ ቀላል ይመስለናል፤ ዓሣውን ሎሚ ውስጥ ነክሮ መብላት። ሎሚው ግን የዓሣውን ሥጋ ያነጣዋል እንጂ እንደ እሳት ጥገኛ ተውሳክ አይገድልም። ለዚህ ነው አስቀድሞ በማቀዝቀዣ በደንብ በረዶ የሆነ ዓሣ የሚመረጠው። ይህን በጥንቃቄ የሚያስተምር ባለሙያ አጠገባችሁ ቢቆም ይሻላል።

ድክመቱ የሰው ብዛት ነው። በቡድን ስትሠሩ አንዱ ይከትፋል፣ አንዱ ይጠብሳል፣ ሌላው ያያል። የሚያየው እናንተ ከሆናችሁ ገንዘቡ ሄደ።

የሰው ጓዳ

ሊግ ኦፍ ኪችንስ የሚባለው ድርጅት በ2014 ኒው ዮርክ ውስጥ ተጀመረ። ከተለያየ አገር የመጡ ሴቶች በገዛ ቤታቸው ጥቂት ተማሪ ተቀብለው ያስተምራሉ። ላቲን አሜሪካም አለበት፣ እስያም አለበት። እንዲህ ያለውን ትምህርት በግልም ማግኘት ይቻላል። እኔ ያገኘሁት በሰፈሬ ሰው በኩል ነው፤ ብሮንክስ የሚኖሩ አንዲት ፖርቶ ሪኳዊት እናት።

ያን ቀን የተማርኩት ሶፍሪቶ ነበር። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የማያቃጥል ትንሽ ቃሪያ፣ ሬካዎ የሚሉት ረጅም ቅጠል። ሬካዎን በጣታችሁ ጨፍልቁትና አሽትቱት፤ የድንብላል ቅጠል ነው የሚሸተው፣ ግን በጣም የበረታ። ሁሉም አብሮ ተፈጭቶ ዘይት ውስጥ ገባ። አምስት ደቂቃ አማሰልኩና «ደረሰ?» አልኳቸው። «ገና ነው፣ ሚሃ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። እንደገና ጠየቅኩ። ድስቱ ላይ አጎንብሰው አሸተቱና ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ቆይቶ ሽታው ተለወጠ። የጥሬው ነጭ ሽንኩርት ሽታ ጠፋና ጣፋጭ ነገር መጣ። ያኔ ሳልጠይቃቸው ቀና ብለው አዩኝ።

እኔ እኮ ይህን አውቀዋለሁ! የእናቴ ቁሌት ነው። እኛ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት እናቁላላለን፣ እነሱ ከመነሻው ዘይት ያደርጋሉ። ሥራው ግን ያው ነው፤ ትዕግሥትና አፍንጫ። ይህን በወረቀት ላይ ማንም አይጽፍላችሁም።

ከዚያ ቶስቶኔ፣ ሁለቴ የሚጠበሰውን ፕላንቴን፣ ሠራን። አረንጓዴ ፕላንቴን ልጣጩ እንደ ሙዝ አይላጥም፤ በቢላ ጫፍ ቁመቱን ሰንጥቆ በአውራ ጣት መግፋት ነው። ወፍራም ወፍራም አድርጎ ቆርጦ አንዴ መጥበስ። አውጥቶ በሙቁ መጫን። ጨውና ነጭ ሽንኩርት ባለው ውኃ ነከር አድርጎ፣ ውኃውን አጠንፍፎ፣ እንደገና መጥበስ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ሰባበርኳቸው። በአራተኛው ገባኝ። አሥራ ስድስት ሰው ባለበት ክላስ አራተኛ ዕድል ከየት ይመጣል?

ችግሩም አለው። ትምህርቱ ቀኑን ግማሽ ይወስዳል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሁለት ባቡር መቀየር ሊኖር ይችላል። ልኬት «እስኪበቃው» ነውና ማስታወሻ ካልያዛችሁ ትረሱታላችሁ። በድርጅት በኩል ሲሆን ዋጋው ከዕቃ መደብር ክላስ ይወደዳል። ቤቱ ድመት ወይም ውሻ ካለውና አለርጂ ካለባችሁ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

የዕቃ መደብርና ኦንላይን

እንደ ሱር ላ ታብል ያሉ የማብሰያ ዕቃ መደብሮች ሁለት ሰዓት አካባቢ የሚፈጅ ክላስ ይሰጣሉ። ለልደት ስጦታ፣ ከጓደኛ ጋር ለማምሸት ጥሩ ነው። ምግብ ልማር ብሎ ለተነሣ ሰው ግን አይበቃውም። ስትወጡ ደግሞ የማያስፈልጋችሁን ድስት ትገዛላችሁ።

ኦንላይን ክላስ ለሁለተኛ ጊዜ ትምህርት ይረዳል። ሊጡን አንዴ በእጃችሁ ካወቃችሁት በኋላ ሌላውን ከስክሪን መቀጠል ይቻላል። ለመጀመሪያ ግን አልመክርም፤ አስተማሪው ሽታውን አያሸትላችሁም።

ስለ ጾምና ስለ አሳማ

ይህን በተለይ ለእኛ ሰው ነው የምጽፈው። የላቲን ጓዳ የአሳማ ስብ ይወዳል፤ ስሙ ማንቴካ ነው። በቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት በሚበስለው የበቆሎ ምግብ፣ በታማሌ፣ ሊጥ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገባል። ተፈጭቶ የተጠበሰ ቦሎቄ ላይም፣ የስንዴ ቶርቲያ ላይም ሊኖር ይችላል። ቦሎቄ ነው ብላችሁ ጾም ነው አትበሉ። ሞፎንጎ የተባለው የተወቀጠ ፕላንቴንም ብዙ ጊዜ የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ አለበት።

በሌላ በኩል ለጾመኛ የሚሆነው ብዙ ነው። የበቆሎ ቶርቲያ በኖራ የተዘጋጀ በቆሎ፣ ውኃና ምናልባት ጨው ብቻ ነው። ቶስቶኔ፣ ጓካሞሌ የሚሉት የተፈጨ አቮካዶ፣ በዘይት የተሠራ ጥቁር ቦሎቄ በሩዝ። ክርስቲያንም ሙስሊምም ብትሆኑ ክላሱ ከመድረሱ ሳምንት አስቀድማችሁ በኢሜይል ጻፉ። በር ላይ ደርሳችሁ ብትናገሩ ግን ተቀምጣችሁ ሰላጣ ትበላላችሁ። አስተማሪዋንም ማሳፈር ነው። ወይን ወይም ረም ምግቡ ውስጥ ይገባ እንደሆነም በዚያው ጠይቁ።

እኔ ብሆን

ለአንድ ክላስ ብቻ የሚሆን ገንዘብ ቢኖረኝ የሰው ጓዳ እገባለሁ፤ አላመነታም። ቢላ መያዝ የማያውቅ፣ ወጥ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ግን መጀመሪያ ትልቁ ትምህርት ቤት ይሂድ። እዚያ የሚሠራውን ስሕተት በእርጋታ ያርሙለታል። ዓሣ የሚወድም እንዲሁ። ባልና ሚስት ለመዝናናት ከሆነ መደብሩ ይበቃቸዋል።

ከመክፈላችሁ በፊት ስልክ ደውሉና ይህን ጠይቁ፦ ስንት ሰው ነው በአንድ ምድጃ? ሊጡን ማን ያቦካዋል? አስተማሪዋ ያደገችው በዚያ ምግብ ነው ወይስ ከመጽሐፍ ነው የተማረችው? ባልመጣ ገንዘቤ ይመለሳል? ለሁለተኛው ጥያቄ «ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል» ካሏችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ክላሱን የምትይዙት ደግሞ በማግስቱ ሥራ ለሌላችሁ ቀን ይሁን። ወደ ቤት ስትመለሱ ሩዝቬልት ጎዳና ላይ ከ7 ቁጥር ባቡር ውረዱና ማሳ አሪናውን ግዙ። ከረጢቱ ላይ ለቶርቲያ የሚል መኖሩን አንብቡ። ጠዋት ሁለት ኩባያ ዱቄት ለብ ባለ ውኃ አቡኩ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ትንሽ አሳርፉት። አንዷን ድቡልቡል በጣታችሁ ጫን አድርጓት። ጠርዟ ከተሰነጠቀ ውኃ ጨምሩ፤ እጃችሁ ላይ ከተጣበቀ ዱቄት። ምጣዱ በደንብ ሲግል አስቀምጧት። ሁለቴ ከተገለበጠች በኋላ መሐሏ እንደ ፊኛ ቀስ ብሎ ይነፋል።