ስክራብል ወይስ ታቡ? እንግሊዝኛ ለመልመድ የቱን ጨዋታ ልግዛ?

እህቴ ከአሜሪካ ልትመጣ ስትል ሁሌ የምትጠይቀኝ ጥያቄ አለ። «ለልጆቹ ምን ላምጣ?» ድሮ መልሱ ጫማና ልብስ ነበር። አሁን አሁን ግን «እንግሊዝኛ የሚያለማምድ ጨዋታ አምጪ» እላታለሁ። በየጊዜው አንድ ሁለት እያለች ስታመጣ ቁም ሳጥኑ ሞላ። እሁድ እሁድ ከቡና በኋላ አንዱን አውጥተን እንጫወታለን። 10ኛ ክፍል የደረሰች የወንድሜ ልጅ አለች። የ9 ዓመት ወንድሟ አለ። ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ጋሼም አይቀሩም። እናቴ ቡናውን ይዛ ዳር ሆና ትዳኛለች።

ይህን የሚያውቁ ሰዎች «የቱን ልግዛ?» ይሉኛል። አብዛኛው ሰው ስክራብልን፣ ማለትም የፊደል ጠጠሮችን ሰሌዳ ላይ ደርድሮ ቃል የሚሠራበትን ጨዋታ፣ አስቦ ነው የሚመጣው። ስሙን ሰምቶታል። እኔ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የጎደለህ እጅ ነው ወይስ አንደበት? እጅ ስል ቃሉን አስተካክሎ መጻፍ ማለቴ ነው። አንደበት ስል ደግሞ ሰው ፊት አፍ ከፍቶ መናገር። እኛ አገር ተማሪ 9ኛ ክፍል ከገባ ትምህርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ባዶ ቦታ ሙላ ሲሉት ይሞላል። «ትናንት ምን ስታደርግ ዋልክ?» ብለህ በእንግሊዝኛ ስትጠይቀው ግን አንገቱን ይደፋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ስክራብል የመጀመሪያ ግዢ መሆን የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ስክራብል መጥፎ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እንዲያውም በጣም ያማረ ሥራ ነው። የፈለሰፈው አልፍሬድ በትስ የሚባል የኒውዮርክ አርክቴክት ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢኮኖሚው ቀውስ ሥራ ሲያሳጣው ጋዜጣ ዘርግቶ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቆጠረ። በዚያ ቆጠራ ነው ጨዋታውን የሠራው። ስክራብል የሚለው ስም የወጣለት በ1948 ነው። ሰሌዳው 15 በ15 ነው። የፊደል ጠጠሮቹ 100 ናቸው። «ኢ» በየቦታው ስለምትገባ 12 ጠጠር አላት፤ ዋጋዋ ግን 1 ነጥብ ብቻ ነው። «ኪው» እና «ዜድ» አንድ አንድ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 10 ነጥብ ያወጣሉ። 7 ጠጠር ይዘህ ትጫወታለህ። ሰባቱንም በአንድ ተራ ከጨረስክ 50 ነጥብ ምርቃት አለ።

ለእኛ ሰው ትልቁ ጥቅሙ ይኸውና። የእኛ ፊደል እንደተጻፈ ይነበባል። እንግሊዝኛው አይነበብም። «ናይት» ብለን በጆሯችን የሰማነውን ቃል ስንጽፈው መሃሉ ላይ ድምፅ የሌላቸው «ጂ» እና «ኤች» ይመጣሉ። ስክራብል ላይ ቃሉን በጣትህ ፊደል በፊደል ስትደረድረው ዓይንህ ይይዘዋል። ደግሞ ሰሌዳው ላይ ያለን ቃል ማስረዘም ነጥብ ያስገኛል። «ፕሌይ» ካለ አንዱ «ፕሌየር»፣ ሌላው «ፕሌይድ» ያደርገዋል። ልጁ ሰዋስው ሳይባል ሰዋስው ይማራል።

ድክመቱም እዚያው ነው። ቃሉን ማወቅ እንጂ ትርጉሙን ማወቅ ግዴታ አይደለም። ከኪው በኋላ ዩ የግድ ይመጣል ተብለን ነው ያደግነው። ስክራብል ግን በኪው እና በአይ ብቻ የምትጻፍ «ቺ» የምትባል ቃል ይቀበላል። ጋሼ ይህቺን ቃል ጥሩ ቦታ ላይ ጣል ሲያደርጓት ልጆቹ ይበሳጫሉ። ነጥቡ ይገባል፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ግን ምንም አይፈይድም። ከዚህ የባሰም አለ። ናይጄል ሪቻርድስ የሚባል የኒውዚላንድ ተወላጅ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ሰውዬው ፈረንሳይኛ አይናገርም። የቃላቱን ዝርዝር ሸምድዶ ነው ያሸነፈው። በ2024 ደግሞ በስፓኒሽኛ ደገመው። ቋንቋውን ሳይናገሩ ማሸነፍ የሚቻልበት ጨዋታ ብቻውን መናገር አያስተምርም።

ስለዚህ እኛ ቤት ሕግ ጨምረናል። ቃል ያስቀመጠ ሰው በቃሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። ካልተናገረ ነጥቡ ግማሽ ነው። ጋሼም ቢሆኑ በዚህ ሕግ ይተዳደራሉ።

ከስክራብል ጋር የሚወዳደረው ባናናግራምስ ነው። ሙዝ በሚመስል ቢጫ ቦርሳ ውስጥ 144 የፊደል ጠጠሮች አሉ። ሰሌዳ የለውም። ነጥብ የለውም። ተራ መጠበቅ የለም። ሁሉም በአንዴ የየራሱን ቃላት እያያዘ ይደረድራል። ጠጠሩን የጨረሰ «ፒል!» ይላል፤ ሁሉም አንድ አንድ ያነሳል። የማይሆን ፊደል ከደረሰህ አንዷን መልሰህ ሦስት ታነሳለህ። ስክራብል ለአራት ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ተራው እስኪደርስ የ9 ዓመት ልጅ ስልክ ያነሳል። ባናናግራምስ ግን ፋታ አይሰጥም፤ ቶሎም ያልቃል። ከስክራብል ካርቶን አንጻር ሲታይ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። ለሚመጣ ሰው «ያዝልኝ» ስትል አታፍርም።

ለልጅ ከሆነ ባናናግራምስን አስቀድማለሁ። ትንሹ ልጅ «ካት»፣ «ሃት» እያለ በአቅሙ ይደረድራል። እህቱ ረጃጅሙን ትፈልጋለች። ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ጋሼ ግን አልወደዱትም። «ይሄ ሩጫ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም» ብለዋል። አሳቢ ሰው፣ ቼዝ ወይም ዳማ የሚወድ ሰው ከሆነ ስክራብሉን ይግዛ።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ለስጦታ ብዬ ከአንድ ሱቅ ስክራብል ገዛሁ። ካርቶኑ ያምራል። ቤት ገብቼ ብቆጥረው 91 ጠጠር። «ኢ» የሆኑት 8 ብቻ። ያለ «ኢ» እንግሊዝኛ መጻፍ ጤፍ ሳይኖር እንጀራ ልጋግር እንደማለት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት አስከፍታችሁ ቁጠሩ። ፊደል የተጻፈባቸው 98፣ ባዶ 2። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ከእስራኤል ወይም ከአረብ አገር የምታስመጡ ከሆነ ካርቶኑ ላይ ቋንቋውን አረጋግጡ። እነዚህ ጨዋታዎች በዕብራይስጥም በአረብኛም ይታተማሉ።

ቦግልን ባጭሩ። ፊደል ያለባቸው 16 ዳይሶች ይንቀጠቀጣሉ፣ የአሸዋው ሰዓት ይገለበጣል፣ በ3 ደቂቃ ያየኸውን ቃል ትጽፋለህ። ብቻህን መጫወት ትችላለህ፤ ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ግዢ ይሁን።

አሁን ወደ አንደበቱ ልምጣ። እኔ ልቤ ያለው እዚህ ነው።

ታቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልህ!» ብሎ ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ካርዱ ላይ አንድ ቃል አለ። ከሥሩ 5 የተከለከሉ ቃላት አሉ። አንተ እነዚያን ሳትጠቀም ቃሉን ታስረዳለህ፤ ቡድንህ ይገምታል። የአሸዋው ሰዓት እየፈሰሰ ነው። ተቃራኒው ቡድን አጠገብህ ቆሞ ስህተትህን ይጠብቃል።

የወንድሜ ልጅ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ተናግራ አታውቅም። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። አንድ እሁድ «አምብሬላ» የሚል ካርድ ደረሳት። ዝናብ ክልክል ነው። ውሃ ክልክል ነው። ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጣሪያው አየች። አሸዋው ከግማሽ በላይ ወርዷል። ከዚያ «ዌን ስካይ ክራይ፣ ዩ ኦፕን ኢት!» ብላ ጮኸች። ሰማይ ሲያለቅስ ትከፍተዋለህ ማለቷ ነው። ወንድሟ «አምብሬላ!» ብሎ ዘለለ። መምህር ቢሰማት ሁለት ስህተት ያርምላት ነበር። እኔ ግን ምንም አላልኩም። ልጅቷ የምታውቀውን ጥቂት እንግሊዝኛ አጣጥፋ የማታውቀውን ተናገረችበት። ውጭ አገር ሄዶ የሚኖር ሰው በየቀኑ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የታቡ ችግር ካርዶቹ ናቸው። ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጀው የአሜሪካን ኑሮ ያወቀ ሰው ታስቦ ነው የተጻፈው። የምግባቸው፣ የስፖርታቸው፣ የበዓላቸው ስም ይበዛል። እኛ ብዙውን ለይተን አውጥተናል። ሜሪላንድ ወይም ሚኒሶታ ለሚያድግ ልጅ ግን ይህ ችግር ሳይሆን ጥቅም ነው።

ኮድኔምስ ከታቡ ጋር ሲነጻጸር ጸጥ ያለ ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት በጀርመን የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሎ ተሸለመ። 25 ቃላት ጠረጴዛው ላይ ይደረደራሉ። የቡድኑ መሪ አንድ ቃልና አንድ ቁጥር ብቻ ይናገራል። «ዋተር፣ 3» ካለ ከውሃ ጋር የሚገናኙ ሦስት ቃላት ፈልጉ ማለት ነው። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ይወደዋል፤ ምክንያቱም ቃላቱ ሁለት ሦስት ፍቺ ያላቸው ናቸው። «ስፕሪንግ» ጸደይም ነው፣ ምንጭም ነው፣ የፍራሽ ሽቦም ነው። ይህን በመጽሐፍ ብታጠናው ትረሳዋለህ። በዚህ ጨዋታ ተሸንፈህበት ከሆነ አትረሳውም።

ሆኖም አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። መሪው አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ይላል፤ ቡድኑ ግን የሚከራከረው በአማርኛ ነው። ክርክሩ ሲጋል ማንም እንግሊዝኛ አያስታውስም። ስለዚህ ኮድኔምስ ቃላት ያሳድጋል፣ አንደበት አይፈታም። በዚያ ላይ ቢያንስ 4 ሰው ይፈልጋል። ሁለት ብቻ ከሆናችሁ ዱዌት የሚባለውን ዓይነት ግዙ።

ለዓይናፋር ሰው የምመርጠው ጀስት ዋን ነው። ከ3 እስከ 7 ሰው ይጫወተዋል። አንዱ ይገምታል፤ ሌሎቹ ፍንጭ የሚሆን አንድ አንድ ቃል ይጽፋሉ። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ቃል ከጻፈ ሁለቱም ይሰረዛሉ። ለዚህ ነው ሁሉም ቀድሞ ከሚመጣለት ቃል አልፎ ሌላ የሚፈልገው። ሁሉም አንድ ቡድን ስለሆነ እርስ በርስ አሸናፊና ተሸናፊ የለም። እናቴ እንኳ አንድ ጊዜ «ሚልክ» ብላ ጽፋ አሸናፊ አድርጋናለች።

ገና «ሃው አር ዩ» ላይ ላለ ጀማሪ ከላይ ያሉት ሁሉ ይከብዱታል። እሱ «ጌስ ሁ»ን ይግዛ። ለሁለት ሰው ነው። በመደበኛው ላይ 24 ፊቶች አሉ። ተቃራኒህ የያዘውን ፊት በጥያቄ ታጣራለህ። መነጽር አላት? ባርኔጣ አድርጓል? ጸጉሯ ቀይ ነው? በአማርኛ ጥያቄ ስንጠይቅ የቃላቱን ቅደም ተከተል አንቀይርም፤ ድምፃችንን ብቻ ነው የምናነሳው። ለዚህ ነው በእንግሊዝኛ «ሺ ሃዝ ግላስስ?» የምንለው። በአንድ ዙር ውስጥ «ዳዝ ሺ ሃቭ» የሚለውን ደጋግመህ ስትል ምላስህ ይለምደዋል። ትንሹ ልጅ በሦስት እሁድ ያዘው።

ዲክሲትም ያምራል። 84 ሥዕሎች፣ ምንም ጽሑፍ የለም። ስለ ሥዕሉ አንድ ነገር ትናገራለህ፤ በጣም ግልጽ ከሆነም በጣም ከደበቅከውም ነጥብ አታገኝም። ታሪክ መናገር ለሚወድ ቤተሰብ ጥሩ ነው። ግን ዋጋው ከሌሎቹ ይወደዳል። ሌሎቹ በአሜሪካ ሱቆች ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 25 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛሉ።

አንድ ብቻ መግዛት ለምትችሉ እንዲህ እላለሁ። ለጀማሪ ልጅ ጌስ ሁ። መጻፍ ለሚቸግረው ባናናግራምስ። ትልቅ ቤተሰብ ከሆነ ጀስት ዋን። ታቡን ግን አትግዙ፤ ሥሩት።

እኛ ሠርተነዋል። የደብተር ልባስ በመቀስ ቆርጠን 60 ካርድ አወጣን። ልጆቹ ከላይ ቃሉን፣ ከሥር 5 ክልክል ቃላት ይጽፋሉ። ክልክሉን ለመምረጥ መዝገበ ቃላት ማገላበጥ የግድ ነው፤ ሳይታወቃቸው ስድስት ቃል ያጠናሉ። ሰዓት ስልክ ላይ አለ። ካርዶቹ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጠዋል።

እስካሁን ያስቸገረን ካርድ «እንጀራ» ነው። የወንድሜ ልጅ ነች የጻፈችው። ጤፍ፣ ብሬድ፣ ፍላት፣ ወጥ፣ ሃንድ ክልክል ናቸው። ጋሼ ሁለት ጊዜ ደርሷቸው ሁለቴም ሰዓቱ አለቀባቸው። ባለፈው እሁድ ለትንሹ ወጣ። ትንሽ አሰበና በእንግሊዝኛ እንዲህ አለ፦ «ዊ ፑት ፉድ ኦን ዘ ፕሌት። ዜን ዊ ኢት ዘ ፕሌት!»