ለጌም የሚፈስ ውሃ፦ ፍሎው ማፕ፣ ፍሉይድ ፍለክስ ወይስ ፓርቲክል?

ለጌማችሁ የውሃ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ፦ ተጫዋቹ የውሃውን መንገድ ይቀይራል? ግድብ የሚያፈርስ፣ ቦይ የሚቆፍር ወይም በር ከፍቶ ክፍል የሚያጥለቀልቅ ከሌለ ሲሙሌሽን (የውሃውን እንቅስቃሴ በየቅጽበቱ የሚያሰላ መሣሪያ) አትግዙ። የማሳያ ቪዲዮዎች ያምራሉ፤ ነገር ግን ጂፒዩውን (የግራፊክስ ቺፑን) ለብቻቸው ይዘው የተቀረጹ ናቸው፣ የእናንተ ጌም ደግሞ ጠላትም ዛፍም ጥላም አለው።

መንገዱ ለማይለወጥ ወንዝ ፍሎው ማፕ (የፍሰት አቅጣጫን የያዘ ምስል) ይበቃል። የጌም ኩባንያው ቫልቭ በሌፍት ፎር ዴድ 2 እና በፖርታል 2 የሠራበትና በ2010 በሲግራፍ የግራፊክስ ጉባኤ ያቀረበው ዘዴ ነው። የፍሰቱ አቅጣጫ በቴክስቸር (በምስሉ ፋይል) ቀይና አረንጓዴ ቻናል ይቀመጣል፣ 0.5 ማለት «ቁም» ነው፤ ሼደሩ (የገጽታውን መልክ የሚያሰላው ፕሮግራም) የሞገዱን ኖርማል ማፕ (የገጽታውን ጉብታና ስርጉድ የያዘውን ምስል) በዚያ አቅጣጫ ይገፋል። ምስሉ ተለጥጦ እንዳይበላሽ ሁለት ቅጂዎች በግማሽ ዙር ልዩነት ይፈራረቃሉ። ስልክ ላይም ይሠራል። ቴክስቸሩ ላይ ኤስአርጂቢን (ለዓይን እንዲስማማ የቀለም ቁጥሮችን የሚቀይረውን ቅንብር) ማጥፋት ከተረሳ ግን 0.5 «ቁም» ማለቱ ይቀርና የረጋው ውሃ ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ይንሸራተታል። ወንዙ በሙሉ በአንድ ምት የሚርገበገብ ከመሰለ ደግሞ የዙሩን መነሻ በኖይዝ ቴክስቸር (በዘፈቀደ የተበተነ ምስል) አዛቡት።

ከስሪት 4.26 ጀምሮ ከአንሪል (የጌም መሥሪያ ሞተር) ጋር የሚመጣው የወተር ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ተጨማሪ ክፍያ የለውም። በስፕላይኑ (የወንዙን መንገድ በሚያሳየው መስመር) ነጥቦች ላይ ስፋት፣ ጥልቀትና ፍጥነት ትሰጡታላችሁ፣ መሬቱንም ራሱ ይቆፍራል፤ ለዚህ በላንድስኬፑ (በመሬቱ) ላይ ኤዲት ሌየርስ የተባለው ቅንብር ሊበራ ይገባል። መሃሉ ላይ ድንጋይ ብታስቀምጡ ግን ውሃው አይዞርለትም። በዩኒቲ፣ በሌላው የጌም ሞተር፣ ተመሳሳዩ ከስሪት 2022.2 ወዲህ በኤችዲአርፒ (ከፍተኛ ጥራት ባለው የምስል አሠራሩ) ውስጥ አለ። ኤችዲአርፒ ስልክ ላይ ስለማይሠራ የስልክ ጌም ሠሪዎች ወደ ዩአርፒ (ወደ ቀላሉ የዩኒቲ የምስል አሠራር) እና ወደ ፍሎው ማፕ ይመለሱ።

ውሃው በእውነት መፍሰስ ካለበት በአንሪል ፍሉይድ ፍለክስ የተባለው የሚገዛ የሲሙሌሽን ፕለጊን ዋጋው ይገባዋል። መሬቱን በካሬ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ካሬ አንድ የውሃ ከፍታና ፍጥነት በጂፒዩ ያሰላል፤ ድንጋይ ሲገጥመው ይዞራል፣ በር ሲከፈት ይገባል። 1024 በ1024 ካሬ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ካሬው 25 ሳንቲሜትር ሲሆን 256 ሜትር ጎን ይሸፍናል። ገዢዎች የሚሳሳቱት ለጥራት ብለው ካሬውን ሲያሳንሱ ነው። 4 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ሞገድ በሰከንድ 6.3 ሜትር ያህል ይጓዛል። ካሬው 10 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ በሰከንድ 60 ጊዜ በሚሰላ ሲሙሌሽን ሞገዱ በአንድ እርምጃ ከአንድ ካሬ በላይ ያልፋል። በዚህ ዓይነት ስሌት ያኔ ውሃው እሾህ እየሠራ ወደ ላይ ይወረወራል። ወይ ካሬውን አስፉ፣ ወይ በአንድ ፍሬም (በአንድ የስክሪን ምስል) ሁለት ጊዜ አስሉ፤ ሁለተኛው ወጪውን እጥፍ ያደርገዋል። ሌላው ገደብ አንድ ካሬ አንድ ከፍታ ብቻ መያዙ ነው፤ ቧንቧ ወይም ከገደል ተንጠልጥሎ የሚወርድ ፏፏቴ አይወጣለትም።

ለብርጭቆ፣ ለባልዲና ለቧንቧ ፓርቲክል (ውሃውን በብዙ ጥቃቅን ነጥቦች የሚሠራ ዘዴ) ያስፈልጋል፦ በዩኒቲ ኦቢ ፍሉይድ፣ በአንሪል 5 ደግሞ ናያጋራ ፍሉይድስ። ለወንዝ አትመኙት። ናያጋራ በሚጠቀምበት ባለ ሦስት አቅጣጫ ግሪድ (ፍርግርግ) 256 በ256 በ256 ማለት 16.8 ሚሊዮን ክፍል ነው።

ወንዙ ላይ ፏፏቴ ካለ ሁለቱን አጣምሩ፦ ከላይና ከታች ፍሉይድ ፍለክስ፣ በመሃል የሚወድቀው ሲሙሌሽን የሌለው ተራ የናያጋራ (የአንሪል የፓርቲክል መሣሪያ) ፓርቲክል። መጋጠሚያውን አረፋና ጉም ይሸፍነዋል።