የድሮ ሃይሉክስ የፊት ዲስክና ሞዞ ማሠራት ለምትፈልጉ፣ አዲስ አበባ ሳሪስ ስላለው ትንሽ ጋራዥ

መኪናው ቶዮታ ሃይሉክስ ኤል ኤን 106 ነው፣ ያው 2.8 ናፍጣው፣ ከፊትም ከኋላም ባለ ባሌስትራው ፎር ዊል። ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመረ፣ በተለይ ከጎሐ ፅዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ ዲስኩ ከጋለ በኋላ ፔዳሉ ራሱ እግር ይመታል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው የፍሬን ሸራ ብቻ አስቀይሮ ይሄዳል ግን ዲስኩ ወጣ ገባ ከሆነ አዲስ ሸራ ምንም አያደርግለትም፣ መንቀጥቀጡ እዛው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ በዚህ መኪና ዲስክ መቀየር እንደ አዲሶቹ ጎማና ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው) ፈትቶ መንቀል አይደለም። ዲስኩ ጎማው ከሚታሰርበት ሞዞ ጀርባ በቡሎን የታሰረ ስለሆነ ሞዞው ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት፣ ሞዞው እንዲወጣ ደሞ ፍሪ ዊሉ (አክሱን ከሞዞው ጋር የሚያያይዘውና የሚለየው)፣ አክሱ ጫፍ ላይ ያለችው ቀለበት፣ ሁለቱ ባለ 54 ሚሊ ሜትር ዳዶዎች፣ ሞዞው የሚዞርበት ኩሽኔታ፣ ግራሶና ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ፓራዮሊ ሁሉም ይፈታል። ስለዚ ዲስክ የሚቀይርላችሁ ሰው የፊት ጎማችሁን ኩሽኔታ የሚያስርላችሁ ሰው ነው ማለት ነው፣ እኔ ጋራዥ የምመዝነው በዚች ነው። ከዚህ በፊት ያሠራሁበት ቦታ እነዛን ዳዶዎች በመሮና በማርቴሎ እየመቱ ነበር የፈቱት፣ ጥርሳቸው ተበልቶ ነው ያገኘነው፣ አጠባበቁም በግምት ነው። እዚህ ሳሪስ ግን ባለ 54 ሶኬት አላቸው፣ ዳዶ በልኩ የሚጠብቅበት ቶርክ ቁልፍም አላቸው፣ በእውነት ሳየው ደስ አለኝ።

ገና ከመጀመሪያው ዲስኩን ውፍረት በሚለካ ካሊበር ለኩት፣ ዝቅተኛው ውፍረት ዲስኩ ላይ ተጽፏል፣ ከዛ በታች ወርዶ ስለነበር ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ የሚባል ነገር አይታሰብም አሉ፣ ልክ ናቸው፣ የሳሳ ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ ቁልቁለት ላይ ደሞ የምትፈልጉት ተቃራኒውን ነው። የፍሪ ዊሉን ስድስት ዳዶ ፈተው ኮን ቅርፅ ያላቸውን ሮንዴላዎች ሲያወጡ በካቻቢቴ አልፈለቀቁም፣ በነሐስ ዘንግ ጎኑን መታ መታ አድርገው ራሳቸው እንዲወጡ ነው ያደረጉት። ካሊፐሩንም በሽቦ ሰቀሉት እንጂ በፍሬን ዘይት ቱቦው እንዲንጠለጠል አልተዉትም።

የግራው ሞዞ ሲወጣ የኩሽኔታው የውጪ ቀለበት ሞዞው ውስጥ እየዞረ ቤቱን አስፍቶታል። ወጣቱ መካኒክ ጠራኝና «ጋሼ፣ ይቺን ሳያዩ አልዘጋውም» ብሎ በጣቱ እያንቀሳቀሰ አሳየኝ። ሌላ ቦታ ቢሆን ቤቱን ነጥብ ነጥብ እየመቱ አጥብበው ይመልሱት ነበር፣ እሱ ለትንሽ ጊዜ ይይዛል ከዛ መልሶ ይለቃል፣ የፊት ጎማ ላይ እንዲህ አይነት ሥራ የሚሠራ ሰው ሊያስብበት ይገባል። እነሱ ሞዞው ይቀየር አሉ፣ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና ላይ የወጣ ኦሪጅናል ሞዞ አገኘሁ፣ ይዤላቸው ስሄድ መጀመሪያ አዲሱን ቀለበት አስገብተው ጥብቅ ብሎ መግባቱን አይተው ነው የተቀበሉት። ኩሽኔታ ኮዮ ነው የገዛሁት፣ ካርቶኑን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፣ ኩሽኔታው ላይ ራሱ የተቀረፀውን ጽሑፍ እዩ፣ ቀለበቱም ላይ መኖር አለበት። ፓራዮሊና ማጠፊያ ያላት የመቆለፊያ ሮንዴላ ደሞ አሮጌውን መመለስ የለም፣ ርካሽ ናቸው፣ አብራችሁ ግዙ።

ሌላ ማንም ያልነገረኝ ነገር፣ በግራ በኩል የአክሱ የውስጥ ፓራዮሊ አልቆ የዲፈረንሻል ዘይት እየገባ ጎማው የሚታጠፍበት ኳስ ውስጥ ያለው ግራሶ እንደ ሾርባ ቀጥኖ ነበር። ይሄ ዝም ከተባለ ዘይቱ ወደ ውጪ መጥቶ አዲሱን ዲስክና ሸራ ይነካል፣ የተከፈለበት ሁሉ ባዶ ይሆናል። አጥበው አዲስ ፓራዮሊ ገጠሙለት።

ኩሽኔታ ሲያስሩ የውስጠኛውን ዳዶ አጥብቀው ሞዞውን ብዙ ጊዜ አዞሩት፣ ዳዶውን ለቀቅ አደረጉት፣ መልሰው በልኩ አጠበቁ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ነቅነቅ አድርገው አዩ፣ ከዛ በኋላ ነው የመቆለፊያው ሮንዴላ ጥርስ የታጠፈው። አዲሱ ዲስክ ዝገት መከላከያ ዘይት ስላለው ሸራ ከመግባቱ በፊት በደንብ ታጠበ። ሸራው በሁለቱም በኩል ነው የተቀየረው።

ቅሬታዬ ዋጋው ላይ ነው፣ ማለቴ ብዛቱ አይደለም፣ የእጅ ዋጋው ከሰፈር መካኒክ ይበልጣል ግን ይገባቸዋል። ችግሩ መጀመሪያ ላይ ቁርጥ አድርገው አይነግሯችሁም፣ ሥራው እየተፈታ ሲሄድ ይጨምራል፣ ስለዚ «ተጨማሪ ነገር ካገኛችሁ ሳትነግሩኝ አትጀምሩ» ብላችሁ ተስማሙ። መቀመጫም የለም፣ ፀሐይ ላይ ነው የምትቆሙት፣ ዛሬ ይደርሳል ያሉትም ነገ ነው የሚደርሰው።

አሁን ፍሬኑ ቀጥ ብሎ ይይዛል፣ መሪው ፀጥ ያለ ነው፣ አባይንም በሁለተኛ ማርሽ ወርጄ ሞክሬዋለሁ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ተመለሱና የኩሽኔታውን መላላት በነፃ እናያለን ይላሉ፣ ሄድኩ፣ ክሪክ አድርገው አዩልኝ፣ አንድም ብር አልጠየቁም።