ደብረ ማርቆስ፣ ሸራው ሥር፦ ስለ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ

ስለ ቻርጀር ጽፌያለሁ። ስለ ባትሪም ጽፌያለሁ። አንዴ ስለ አንድ ጥብስ ቤት ጽፌ ባለቤቱ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። ዛሬ የምገመግመው ግን ፍርድ ቤት አካባቢ ሸራ ወጥረው ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ሰው ነው። ይኼ ደግሞ ምኑ ይገመገማል እንዳትሉኝ። ገንዘብ ከፍለን የምንገዛው አገልግሎት ነው። መጥፎ ቻርጀር ቢበዛ ስልክ ያቃጥላል፤ መጥፎ ማመልከቻ የሚያቃጥለውን የደረሰበት ያውቀዋል።

እኔ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ከሕግ ጋር ያለኝ ቅርበት ሱቄ ድረስ የሚመጣው ያህል ነው። አንዱ ስክሪኑ የረገፈ ስልክ ይዞ ይመጣል። «ወድቆብህ ነው?» እለዋለሁ። «አይ፣ ሊቀሙኝ ሲታገሉኝ ነው» ይላል። ሌላው ባዶ እጁን መጥቶ «ካፌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ዞር ብል የለም፤ ሲሙን እንዴት ላውጣ?» ይላል። ሁለቱንም «ሌባ መቼም አያልቅ» ብዬ ነበር የምሸኛቸው። ልዩነቱ የገባኝ በአክስቴ ነው።

አክስቴ ገጠር ነው የምትኖረው። ቅቤ ትነግዳለች። ጥር ላይ ሰርግ ሲበዛ ቅቤ እሳት ይሆናል፤ ያን ሰሞን ገበያ ወጥታ የ11,400 ብር ሸጠች። የገበያው ከተማ ስሙ ይቅር። ብሩን በመሀረብ ቋጥራ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ጨው ልትገዛ ቋጠሮውን ስታወጣ ነው ሁለት ልጆች የመጡት። ማታ ደውላ ያለችኝ አንድ ቃል ነው፤ «ሰረቁኝ።» ጣቢያም ያለችው እሱኑ ነው። ቃሏን የተቀበለው ፖሊስ ያለችውን ጻፈ። ገበያ መሀል ገንዘብ ተሰረቀብኝ፣ በቃ። ሁለት መስመር ተኩል። አሻራዋን አሳርፋ ወጣች። አንደኛውን ልጅ የገበያው ሰው ሮጦ ይዞታል። ብሩ ግን ከሁለተኛው ጋር ሄዷል።

ከሳምንት በኋላ ሳያት ግራ ክንዷን እንደ ልብ አታነሳም። «ምን ሆነሽ ነው?» ብላት «እንጨት ስፈልጥ» አለችኝ። እኔ ሞኙ አመንኳት።

«የኔታ ጋ ውሰዳት» ያለኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነው። የኔታ ይሏቸዋል እንጂ አሁን አያስተምሩም። ዱሮ የቅኔ ተማሪ ነበሩ። ዋሸራ ቆይተው ዲማ ጊዮርጊስ ተሻግረዋል። ከዚያ እንዴት ማመልከቻ ላይ እንደወደቁ ጠይቄ «ጎጃም ውስጥ ቅኔ የማያውቅና ነገር የሌለው ሰው የለም» ብለውኛል። መልስ ይሁን ቀልድ አልገባኝም።

ቢሯቸው ሰማያዊ ሸራ ነው። አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት መጽሐፍ ይቀመጣል። አንዱ ሽፋኑ ተገንጥሎ በሲባጎ የታሰረ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ሌላው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ አሁን የምንዳኝበት፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሠራው። አሮጌውን ለምን እንደሚያስቀምጡት ጠየቅኋቸው። «ጠረጴዛው ወረቀት እንዳይነፍስበት» አሉ።

አሁን ወደ አገልግሎቱ። መጀመሪያ ያናደደኝ ነገር አለመጻፋቸው ነው። ጎን ያሉት ጸሐፊዎች ሰው ገና አፉን ሲከፍት «ለተከበረው» ብለው ይጀምራሉ። እሳቸው እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ እንዳለ ያስቀምጡታል። አክስቴን ሦስት ጊዜ አስወሯት። ሦስቱንም ጊዜ «ሰረቁኝ» አለች። አራተኛው ላይ የኔታ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መሀረባቸውን በአንድ እጃቸው ጨበጡና፣

«እናቴ፣ ቋጠሮው እጅዎ ላይ ሳለ ነው የወደቁት፣ ወይስ ከእጅዎ ከወጣ በኋላ?» አሏት።

ወደቀች ያላቸው ሰው የለም። እኔም አላልኩም፤ አላውቅማ። አክስቴ ዝም አለች። ክንዷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ እኔን ሳታየኝ፣ «እስቲ ይኼ ልጅ ሻይ ይጠጣ» አለች።

ሄድኩ። ሁለት ሻይ ጠጣሁ።

የሆነውን ያወቅኩት ከወረቀቱ ላይ አንብቤ ነው። አንደኛው ልጅ ቋጠሮውን ያዘ። እሷ አለቅም አለች። ሁለተኛው ከኋላ ክንዷን ጠምዝዞ ጣላት። መሬት ላይ ሆናም አልለቀቀችም። ሦስት እርምጃ ያህል ጎተቷት። ቀሚሷ ተገልቦ፣ ያ ሁሉ የገበያ ሰው ፊት። ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቀው ወሰዱ። «ሰረቁኝ» የተባለው ይህ ነው። እንደገባኝ ከሆነ ሰረቁኝ ማለት ይቀላት ነበር። የተሰረቀ ሰው ቆሞ ነው የሚሰረቀው።

እዚህ ጋ የኔታ ለእኔ ያስረዱኝን ላምጣ፤ ከዚህ ቤት ካገኘሁት ሁሉ እሱ ይበልጣልና። ስርቆት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 ነው። የሌላን ሰው ተንቀሳቃሽ ንብረት ለራስ ወይም ለሌላ ለማድረግ መውሰድ። ካፌ ጠረጴዛ ላይ የቀረው ስልክ እዚህ ይገባል። አንቀጽ 670 ግን ሌላ ነው። እኛ ዘረፋ፣ ቅሚያ የምንለውን ሕጉ ውንብድና ይለዋል። ንብረት መውሰዱ ላይ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ይጨመራል። ኃይል፣ ወይም ከባድ ማስፈራራት፣ ወይም ሰውየውን በሌላ መንገድ መከላከል እንዳይችል ማድረግ።

ሦስተኛውን አልሰማሁ መስሏቸው ደገሙልኝ። አውቶቡስ ላይ ጎንህ የተቀመጠ ሰው ብስኩት ይሰጥሃል። ትበላለህ። ደጀን ላይ እንቅልፍ ይወስድሃል፤ ስትነቃ ሻንጣህ የለም። አልተመታህም፣ ቢላ አልተመዘዘብህም። ብስኩቱ ላይ ማደንዘዣ ካለበት ግን ይህም ውንብድና ነው አሉ። እጅህን ባያስሩትም አእምሮህን አስረውታል። በዚህ መንገድ ስልካቸውን ያጡ ቢያንስ ሁለት ደንበኞች አሉኝ። ሁለቱም «ተኝቼ ተሰረቅኩ» ነው ያሉኝ፤ እያፈሩ።

ሌላም አለ። ሌባው በር ላይ ሲያዝስ? በሌሊት በግ እየነዳ ሲወጣ ባለቤቱ ደረሰበት እንበል። በጉን ጥሎ ቢሮጥ ስርቆት ነው፤ ሙከራ ይሁን ፍጻሜ የሕግ ሰዎች ይከራከሩበት። በጉን ላለመልቀቅ ዱላውን ባለቤቱ ላይ ካነሳ ግን በስርቆት ጀምሮ በውንብድና ጨረሰው። ዱላው ወይም ጡጫው ለምን ዋለ ነው ጥያቄው። ሁለት ሰዎች ጠላ ቤት በሌላ ነገር ተደባድበው፣ በግርግሩ የወደቀውን ስልክ አንዱ አንስቶ ቢሄድ ድብደባው ለብቻ፣ ስርቆቱ ለብቻ ነው። ዱላው ስልኩን ለማግኘት አልተነሳማ። መሣሪያ ሲይዙ፣ በቡድን ሲሆኑ ደግሞ 671 አለ፤ ከባድ ውንብድና። እሱን ሲያነቡልኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

እውነቱን ልናገር፣ ውንብድና የሚለው ቃል ከብዶኝ ነበር። እኛ ቤት ወንበዴ ማለት ጫካ ያለ ሰው ነው። አባቴ ቃሉን ከደርግ ሬዲዮ ነው የለመደው፤ መንግሥትን የሚወጋ ሁሉ ወንበዴ ነበር። ሽፍታ ደግሞ ሌላ ነው። ሽፍታ በጎጃም በደል ደርሶበት ዱር የገባ ሰው ነው፤ እንዲያውም ይዘፈንለታል። በላይ ዘለቀም ሽፍታ ተብሏል። ጣልያንን በዱር በገደሉ ተዋግቶ፣ በ1937 አዲስ አበባ በገዛ አገሩ መንግሥት ተሰቅሏል። ታዲያ ገበያ ውስጥ ቅቤ ነጋዴ የጣሉ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ወንበዴ ሊባሉ?

አክስቴም ከእኔ ባሰች። «ኧረ ልጅ ነው፣ ሕይወቱ አይበላሽ» አለች። በእሷ ልጅነት አውጫጭኝ ነበር፤ አገሬው ይሰበሰባል፣ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። «እዚያ ቢሆን ይቅር ተባብለን ብሬን መልሶ ይገባ ነበር» አለች። የኔታ ይህን ሁሉ ጨረሰች ብለው እስኪያረጋግጡ ጠበቁ። ከዚያ፣ «እናቴ፣ እኔ ስም አልሰጠሁትም። ወረቀቱ ላይ ውንብድና የሚል ቃል ካገኙ ይቅደዱት። የሆነውን ነው የጻፍኩ። ስሙን ዐቃቤ ሕግ ያወጣለታል፣ ይቅርታውን ደግሞ እርስዎ ያውቃሉ» አሏት።

አነበብኩት። በእርግጥም ቃሉ የለም። «ያዘ»፣ «ጠመዘዘ»፣ «ጎተተ»፣ «ፈለቀቀ» አለ። ግስ በግስ ላይ። ጎን ያሉት ጸሐፊዎች ወረቀት ደግሞ «አረመኔያዊና ሰብአዊነት የጎደለው» ይላል፤ ማን ምን እንዳደረገ ግን አይናገርም።

እንከኑን ልንገራችሁ፤ እንከን የሌለው ግምገማ አልወድም። አንደኛ፣ ሰዓት የለም። መጀመሪያ የሄድነው በ21 ነበር፤ ለማርያም አይሠሩም። በ12ም፣ በ29ም ያው ነው። አክስቴን ከገጠር አስመጥቼ ባዶ ሸራ አይቼ ተመለስኩ። ስልክ ይዘዋል፤ አያነሱም። ሁለተኛ፣ የባለጉዳይ መቀመጫ ድንጋይ ነው። ለታመመ ክንድ ምኑም አይሆንም። ሦስተኛ፣ ካርኒ የለም። አራተኛ፣ በእጅ ጽፈው የሚያስተይቡት ጎን ያለው ኮምፒውተር ቤት ነው፤ ልጅቷ ፈጣን ናት፣ ግን የአክስቴን አባት ስም ሁለት ቦታ ላይ በሁለት ዓይነት ጻፈችው። ፕሪንት ከመደረጉ በፊት ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። እኔ ያየሁት ሦስት ኮፒ ከወጣ በኋላ ነው።

ዋጋው ለአንድ ገጽ 200 ብር፣ ትየባና ፕሪንት 20፣ ኮፒ በተናጠል። ጎን 120ም የሚጽፍ አለ። ደግሞም ይህን ሁሉ ሳይከፍሉ ይቻል ነበር። አክስቴ ራሷ ጣቢያ ተመልሳ ተጨማሪ ቃል ልስጥ ብትል በነፃ ነው፤ የወንጀል ክስን ደግሞ የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ተበዳይ አይከፍልበትም። የኔታ ራሳቸው ናቸው ይህን የነገሩኝ፣ ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ መሆኑ ትንሽ ቢከነክነኝም። ችሎት ፊት ለመከራከር ከሆነ ደግሞ እሳቸው ጠበቃ አይደሉም፤ ሂድ ጠበቃ ያዝ ይላሉ። 200 ብሩን ያወጣሁት ለወረቀቱ አይመስለኝም። አክስቴ ለፖሊሱም፣ ለእኔም፣ ለገዛ እህቷም ያልተናገረችውን ለእሳቸው ተናገረች። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ።

ከአምስት ኮከብ አራት። አንዱን የቀነስኩት ለማርያም ሳይሆን ለስልኩ ነው።

የመጨረሻው ቅጂ ከወጣ በኋላ የኔታ ቀስ ብለው አነበቡላት። የተወሰደ ንብረት፣ ጥሬ ገንዘብ 11,400 ብር፣ ሲሉ አቋረጠቻቸው።

«መሀረቡስ?»

«የቱ መሀረብ?»

«ብሩ የተቋጠረበት።»

«ግምቱ ስንት ነው?»

«የእናቴ ነው» አለች።

የኔታ መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ በእጃቸው ከገንዘቡ ሥር ጨመሩ፤ 1 መሀረብ፣ ነጭ፣ ጫፉ የተጠለፈ። የግምቱን ቦታ ባዶ ተዉት። ልጅቷ በእጅ የተጨመረበት አይሄድም ስላለች እንደገና አስተየብነው። ሌላ 20 ብር።