ጅማ ላይ የደረቅ መንጃ የተማርኩበት ማሰልጠኛ፦ ቴክኒኩ አንደኛ፣ መሪው ግን አይደርስህም

ሰሞኑን "ጅማ ላይ የጭነት መኪና የት ልማር?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ባጃጅ ላይ ያለን ልጆች ግማሾቻችን ሐሳባችን ደረቅ፣ ማለትም የጭነት መኪና መንጃ፣ ላይ ነው። ነዳጁ ሰልፍ፣ ተራው ጭቅጭቅ፣ ገቢው ደግሞ የምታውቁት ነው። ስለዚህ እኔ የጨረስኩበትን ማሰልጠኛ እንዳየሁት ልጻፈው። ስሙን አልጠራም። የማመሰግነውም የምወቅሰውም አለኝ፣ ሌላ ቦታ የተማሩ ጓደኞቼ የሚያወሩትም ከዚህ ብዙ ስለማይርቅ አንዱን ለይቶ መምታት ደስ አይልም።

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ከጠበቅኩት በላይ ነው። ሜዳው ደህና ነው። መንገድ ላይ የሚነዳው ግን ለይስሙላ ነው፤ መንጃ ያስይዛል እንጂ ሹፌር አያደርግም።

መጀመሪያ ምን ላይ እንደምትመዘገቡ እወቁ። በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 የጭነቱ መንጃ ደረቅ 1፣ ደረቅ 2፣ ደረቅ 3 እየተባለ ነው የሚከፈለው፣ ቦቴ የሚነዳ ደግሞ የፈሳሽ ያወጣል። ተሳቢ የሚጎትተው ደረቅ 3 ነው፤ ትልልቆቹ ሹፌሮች እስካሁን "አምስተኛ" ነው የሚሉት። የኔ ማሰልጠኛ በሩ ላይ ሁሉንም ደርድሮ ጽፏል። ግቢ ውስጥ ያለው ተሳቢ ግን ጎማው ሥር ሣር በቅሎበታል። ደረቅ 3 እናሰለጥናለን ካሏችሁ እስቲ አስነሱትና ልየው በሉ፣ ማየት ነፃ ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ። የአሽከርካሪ ባህሪ፣ የትራፊክ ሕግ፣ ቴክኒክ እና የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ትማራላችሁ። ባህሪውን የሚያስተምረው ልጅ ከወረቀት ያነባል፣ እኛ እንጽፋለን፣ አለቀ። የትራፊክ ሕጉ መጥፎ አይደለም፣ ምልክቶቹን በደንብ ያስይዛሉ፣ ባጃጅ ስነዳ ዓመታት ሙሉ የማልፋቸው ምልክቶች ምን እንደሚሉ አሁን ነው የማነበው። የሕክምና እርዳታውን በአንድ ከሰዓት ጠራርገው ጨረሱት።

ቴክኒኩ ግን ሌላ ዓለም ነው። አስተማሪው ዘመናቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ላይ ያሳለፉ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም "ኦቦ" ነው የምንላቸው፣ በአፋን ኦሮሞ አቶ እንደማለት። ግማሹን በአፋን ኦሮሞ ግማሹን በአማርኛ ያስተምራሉ፣ የገባው ላልገባው ይነግረዋል፣ ማንም አይቸገርም። የመጀመሪያ ቀን የአይሱዙውን ጋቢና ገልብጠው "በሉ ካንዴላውን አሳዩኝ" አሉን። ካንዴላ የቤንዚን ሞተር ውስጥ ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ ነው። አንዱ ይሄ ነው አለ፣ አንዱ ያኛው ነው አለ፣ ጋራዥ የሠራ ልጅ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ፈለገ። አስለፍተውን ሲያበቁ "ልጆቼ፣ የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም" ብለው ሳቁብን። አየሩ ሲታመቅ ራሱ በጣም ይግላል፣ ናፍጣው እዚያ የጋለ አየር ላይ ሲረጭ ይቀጣጠላል፣ ነገሩ ይኸው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ክፍል አልቀረም።

ስለ አየር ፍሬን ያስተማሩን ብቻውን የከፈልኩትን ያወጣል። ትልልቆቹ መኪኖች በዘይት ሳይሆን በአየር ነው የሚቆሙት። ሞተሩ ሲሠራ ኮምፕሬሰሩ አየር ወደ ታንክ ያጠራቅማል፣ ፔዳሉን ስትረግጥ ያ አየር ሄዶ ፍሬኑን ይገፋል። የእጅ ፍሬኑ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፦ መኪናውን ይዞ የሚያቆመው ስፕሪንግ ነው፣ አየሩ ስፕሪንጉን ጨምቆ ይለቀዋል። ለዚህ ነው ሲኖ የምንለው ትልቁ የቻይና ጭነት መኪና ጠዋት ተነስቶ ወዲያው የማይንቀሳቀሰው፣ አየሩ እስኪሞላ ያጉረመርማል፣ ከዚያ "ጭስስ" ብሎ ይለቃል። ለካ መንገድ ዳር ቆሞ ሞተሩን የሚያስጮኸው ሹፌር ሁሉ ሥራ ፈት አይደለም። ሌላው ደግሞ የታንኩ ውሃ ነው። አየር ሲታመቅና ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ታንኩ ሥር ይጠራቀማል፣ የእኛን አገር እርጥበት ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ከታች ያለውን ቫልቭ እየከፈቱ ማፍሰስ የግድ ነው። "ጅማ ላይ ይህን የረሳ ፍሬኑን ረሳ" ይሉ ነበር ኦቦ።

ግን ስሙኝ፣ የምንለማመድበት መኪና አይሱዙ ኤንፒአር ነው። የሱ ፍሬን የዘይት ነው። ስለ አየር ፍሬን ይህን ሁሉ ተምረን፣ አየር ፍሬን ያለው መኪና ፔዳል አንዴም ሳንረግጥ ነው የጨረስነው። አንድ ቀን ኦቦ ራሳቸው የሚያውቁትን ሲኖ ሹፌር ለምነው ግቢ አስገቡትና የአየሩን መጠን የሚያሳየውን ጌጅ አሳዩን፣ ፔዳሉን ደጋግመው ሲረግጡ አየሩ እንዴት እንደሚወርድ አየን። ያ የሰውዬው ቸርነት ነው፣ የማሰልጠኛው ፕሮግራም አይደለም።

ሜዳው ላይ በተደረደሩ ፕላስቲኮች መሃል የሚነዳ ዜድ አለ፣ ፓርኪንግ አለ፣ ዳገት ላይ ባላንስ መያዝ፣ ማለትም መኪናው ወደ ኋላ ሳይንሸራተት በፍሪሲዮን ይዞ መነሳት፣ አለ። ባጃጅ የለመደ ሰው መጀመሪያ የሚሸነፈው መታጠፊያ ላይ ነው። የባጃጅ አፍንጫው ካለፈ ሁሉ ያልፋል። አይሱዙ ላይ ግን አንተ የተቀመጥከው ከፊት ጎማው ላይ ነው፣ ስለዚህ መሪውን ዘግይተህ ነው የምትጠመዝዘው፣ የኋላው ጎማ ደግሞ የፊቱን መንገድ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ቆርጦ ይገባል። ቀድመህ ከጠመዘዝክ የኋላው ጎማ ፕላስቲኩን ጨፍልቆ ያልፋል። እኛ ዘንድ ፕላስቲክ ነው፣ የጅማ መርካቶ ላይ ግን በርበሬ የምትሸጥ እናት ናት። አሰልጣኙ አጠገባችን ተቀምጦ "ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ… አሁን!" እያለ ያስተካክለን ነበር፣ በዚህ ጎበዝ ነው፣ አልክደውም። ስፖኪዮ ማየትም በደንብ ያስለምዳሉ፤ ኋላ ማርሽ ላይ አንገቱን በመስኮት ያወጣ ሰው ተራው ተቀምቶ ይወርዳል።

ባላንሱ ላይ ግን ፍሪሲዮኑ ያለቀበት መኪና ነው የሚሰጧችሁ። ፍሪሲዮኑን ስትለቅ የት ጋ እንደሚይዝ በእግርህ ማወቅ አለብህ፣ የማሰልጠኛው መኪና ደግሞ የሚይዘው ጫፍ ላይ ነው፣ እሱን ለምደህ ሌላ መኪና ላይ ስትወጣ ዘለህ ትነሳለህ ወይ ሞተሩ ይጠፋብሃል። ተማሪ በየቀኑ ሲያንገላታው የሚውል መኪና እንደዚህ ቢሆን አይገርምም። መቀየር ግን የነሱ ሥራ ነው።

ትልቁ ችግር ሰዓት ነው። የሚነሳው መኪና አንድ ነው፣ ተሰላፊው ብዙ ነው። እግርህ ሊለምድ ሲል "ውረድ፣ ቀጣይ!" ትባላለህ። ናፍጣ የጠፋ ቀን ልምምድ የለም። ዝናብ የዘነበ ቀን ሜዳው ቀይ ጭቃ ሆኖ ጎማ ስለሚሽከረከር ልምምድ የለም፣ ጅማ ደግሞ ዝናቡ እንግዳ አይደለም፣ ለብዙ ወራት ያዘንባል። የጠፋው ሰዓት ይተካል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ "እናያለን" ነው መልሱ። እኔ ባለመሰልቸት እየጠየቅኩ የተወሰነውን አስተክቻለሁ፣ ዝም ያሉት ግን ዝም እንዳሉ ቀሩ። ደግሞ ከቻላችሁ ከምሳ በኋላ ያለውን ተራ አትውሰዱ። ከሰዓት በኋላ አሰልጣኙ ጫቱን ጉንጩ ውስጥ ወጥሮ ስልኩ ላይ ነው፣ "ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን" የሚለው ሰው ሌላ ቦታ ሄዷል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የገባ ሰው ንቁ አሰልጣኝ ያገኛል።

ወደ መንገዱ እንምጣ። የአጋሮን መንገድ ይዘን ትንሽ ወጣ ብለን፣ ባዶ መኪና፣ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ዞረን ተመለስን። መርካቶ በገበያ ቀን የለም። ማታ የለም። ጭነት ጭራሽ የለም። ይሄ ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም ከጅማ መንጃ ያወጣ ሰው የመጀመሪያ ሥራው የት እንደሚወስደው ሁላችንም እናውቃለን፦ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መሃሉ ላይ የግቤ ወንዝ ሸለቆ አለ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ የግቤ ድልድይ 1,100 ገደማ ነው። ከሰኮሩ ወዲያ ያ ሁሉ ከፍታ በጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው የሚወረደው፣ ሙሉ ጭነት ከኋላ እየገፋህ።

እዚያ ላይ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያነደዋል። የፍሬኑ ሸራ ጎማው ውስጥ ካለው ከበሮ ጋር ሲፋተግ ይግላል፣ በጣም ሲግል አይዝም፣ ሽታው ይመጣል፣ ከዚያ ፔዳሉ እግርህ ሥር እያለ መኪናው አይሰማህም። መፍትሔው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ አስገብቶ፣ የሞተር ፍሬኑን ይዞ፣ የእግሩን ፍሬን ለአጭር ጊዜ እየነኩ መልቀቅ ነው። አሮጌ ሹፌሮች "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" የሚሉት ለዚህ ነው። ኦቦ ይህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥለው አስረድተውናል። ግን በጠመኔ የተሣለ ቁልቁለት ላይ የሚነድ ፍሬን የለም። የሰርቦ ወይም የአሰንዳቦ መንገድ ላይ ግማሽ ጭነት አሸዋ ጭኖ ተማሪውን በየተራ ማስነዳት ይህን ያህል ይከብዳል? ናፍጣውን ራሳችን እናዋጣ ብንልም አልተቀበሉንም።

ገንዘቡን በተመለከተ ዋጋ አልጽፍም፣ ናፍጣ በጨመረ ቁጥር ስለሚቀያየር ነገ ውሸታም ታደርጉኛላችሁ። ግን ሲነግሯችሁ የሚነግሯችሁ የሥልጠናውን ብቻ ነው። የፈተና ቀን የመኪናው ለብቻ ነው። ብትወድቁ ድጋሚ ነው። የጤና ምርመራው፣ የዓይኑ፣ ፎቶው፣ ሁሉም ከኪሳችሁ ነው። ስትመዘገቡ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ አስጽፉና ማኅተም አስደርጉ፣ ደረሰኝ የማይሰጥ ጸሐፊ ካጋጠማችሁ ደግሞ ቆማችሁ ጠብቁ፣ ይሰጣል።

የፈተናው ሂደት ግን ቀጥተኛ ነበር። የሚፈትኑት ከትራንስፖርት ቢሮ የሚመጡ ናቸው እንጂ የማሰልጠኛው ሰዎች አይደሉም። የጽሑፉ ምርጫ ነው፣ ኦቦን የሰማ ሰው ቴክኒኩን ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል። በር ላይ "ሳትማር መንጃ ላውጣልህ" የሚል ደላላ አይጠፋም፣ ሰላም ብላችሁ እለፉ። ያንን መንጃ ይዞ ግቤ የሚወርድ ሰው አጠገቡ ረዳት አለ፣ ከፊቱ ሚኒባስ አለ።

ደግሞ መንጃ ወጣ ማለት መኪና ተሰጠ ማለት አይደለም። ባለንብረቶቹ ልምድ ይጠይቃሉ፣ ልክ ናቸው፣ እኔም ሲኖ ቢኖረኝ ለራሴ አልሰጥም። አሁን ወደ ቦንጋና ወደ ሚዛን ከሚሠራ ሹፌር ጋር ረዳት ሆኜ እየሄድኩ ነው። ሸራ መወጠር፣ ገመድ ማሰር፣ በጥንዶቹ የኋላ ጎማዎች መሃል የተቀረቀረ ድንጋይ ፈልጎ ማውጣት፣ እነዚህን ማሰልጠኛው ስማቸውንም አላነሳልንም። ደልዳላ ቦታ ሲሆን ሹፌሩ "ና ያዝ እስቲ" ይለኛል፣ አንድ ቀን መንዳት ከሜዳው ሰሞን ሙሉ ይበልጣል።

ለማን ይሆናል? ደረቅ 1 ለሚፈልግና ከዚያ በኋላ አብሮት የሚሄድ ሹፌር ለሚያውቅ ሰው፣ አዎ ይመዝገብ፣ ለኦቦ ትምህርት ሲባል ብቻ። ማንም የማያውቅ፣ በቀጥታ ከማሰልጠኛ ወጥቶ መሪ እይዛለሁ የሚል ሰው ግን አዳማ ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ካለው እዚያም ጠይቆ ያወዳድር። ደረቅ 3 ለምትሉ ይሄኛውን እርሱት፣ ሣሩን ነግሬያችኋለሁ። በአምስት ኮከብ ስጥ ብትሉኝ ለክፍሉ አምስት፣ ለሜዳው ሦስት፣ ለመንገዱ አንድ።

አዲስ ዙር የሚመዘገብ ካለ በጋ ላይ ይሁን፣ የጠዋት ተራ ይጠይቅ፣ ቦቲ ጫማ ይዞ ይሂድ። በስሊፐር ፍሪሲዮን የረገጠ ልጅ ኦቦ ከግቢ አባረውታል።