ማሄ፣ ፕራስሊን ወይስ ላ ዲግ? ሲሼልስ ሄዶ የት ይታደራል?

"ሲሼልስ፣ 4 ሌሊት፣ ቁርስን ጨምሮ" የሚል ማስታወቂያ አይታችኋል እንበል። ከጽሑፉ በላይ ነጭ አሸዋ፣ ወደ ውሃው ያዘነበለ የኮኮናት ዛፍ፣ የተወለወለ የሚመስል ግራጫ ቋጥኝ አለ። ፎቶው ብዙ ጊዜ የላ ዲግ ነው። ዋጋው ግን የማሄ ነው። ሁለቱም ሲሼልስ ናቸው፣ ማንም አልዋሸም። በመካከላቸው ግን ባህር አለ፣ የጀልባ ቲኬት አለ፣ በመንገድ የሚያልቅ ግማሽ ቀን አለ። ከሆቴሉ ኮከብ በፊት ደሴቱን ጠይቁ የምለው ለዚህ ነው።

አገሪቱ 115 ደሴቶች አሏት። ብዙዎቹ ወይ ሰው አይኖርባቸውም፣ ወይ እንደ አልዳብራ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። ለእንደኔና እንደናንተ ዓይነቱ ጎብኚ ምርጫው ያው ሦስቱ ናቸው። ሦስቱም ግራናይት ናቸው። በውቅያኖስ መሃል ያሉ ደሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ከእሳተ ገሞራ ወይም ከኮራል የተሠሩ ናቸው። እነዚህ ግን ሕንድና ማዳጋስካር ከጥንቱ የጎንድዋና አህጉር ተገንጥለው ሲለያዩ ባህር ላይ የቀሩ ቁርጥራጮች ናቸው። ድንጋዩ 750 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አለው። ስለዚህ ሲሼልስ ውድ ዋጋ የምታስከፍለው ለቋጥኙና ለጫካው ነው። የምትፈልጉት አሸዋና ሞቅ ያለ ውሃ ብቻ ከሆነ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዛንዚባር በቂያችሁ ነው፤ ኪሳችሁም ያመሰግናችኋል።

ማሄ፦ ለቤተሰብና ለአጭር ጉዞ

አውሮፕላኑ የሚያርፈው እዚህ ነው። ትልቋ ደሴት ናት፣ ከሕዝቡም አብዛኛው የሚኖረው እዚሁ ነው። አውቶብስ አለ፣ ሱፐርማርኬት አለ፣ ሆስፒታል አለ። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የማረፊያ ምርጫውም ከሁሉ ሰፊ ነው።

ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ ግማሽ ቀን ትበቃታለች። ሰዎች የሚሰለፉለት የሰዓት ማማ ትንሽ ነው፣ ብዙ አትጠብቁ። ገበያው ግን ደስ ይላል። ዓሣው ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል፤ ነጫጭ ወፎች አጠገቡ ቆመው የተጣለ ነገር ይጠብቃሉ፤ ሻጩ እጁን ሲያወናጭፍ ሁለት እርምጃ ሸሽተው ይመለሳሉ። ቀረፋ፣ ቫኒላና ሚጥሚጣን የሚያስንቅ ደቃቅ ቃሪያ መግዣው እዚያው ነው።

ለእግር መንገደኛ ማሄን የሚስተካከላት የለም። ከፍተኛው ተራራ ሞርን ሲሼሉዋ 905 ሜትር ነው። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሰምቶ ሊስቅ ይችላል። ሳቁ ግን የሚቆየው መውጣት እስኪጀምር ነው፤ ዳገቱ ከባህር ጠርዝ ይነሳል፣ ወበቁም ሌላ ነው። ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ግን ኮፖሊያ የሚባለውን አጠር ያለ መንገድ ነው። ጫፉ ላይ ገላጣ የግራናይት ወለል አለ፤ ነፍሳት እያጠመደ የሚበላ ተክል ይበቅልበታል፤ ቪክቶሪያና በዙሪያዋ ያሉት ደሴቶች ከሥር ይታያሉ። ሚሽን ሎጅ የሚባለው ቦታ ደግሞ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ልጆች ትምህርት ቤት ፍርስራሽ ነው። እንግሊዞች ያስቸገሯቸውን ነገሥታት የሚያግዙትም ወደዚህች አገር ነበር። የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔ ከ1900 እስከ 1924 እ.ኤ.አ. እዚህ ተግዘው ኖረዋል።

ለዋና ቦ ቫሎን ይሻላል። ረጅም ነው፣ የሚበላ አለበት፣ የአገሬውም ሰው ቅዳሜና እሁድ ይሰበሰብበታል። የማሄ ጉድለት አንድ ነው፤ በአእምሯችሁ ያለውን ፎቶ እዚህ አታገኙትም።

ፕራስሊን፦ ጫካው

ከማሄ በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ፣ በትንሽ አውሮፕላን ሩብ ሰዓት ያህል ትርቃለች። ሰው ወደዚህ የሚመጣው በዋናነት ለቫሌ ደ ሜ ነው። ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ጫካ ነው። ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ዘንባባ በተፈጥሮ የሚበቅለው በፕራስሊንና በጎረቤቷ ኩሪየዝ ብቻ ነው፤ ፍሬው በዓለም ላይ ትልቁን ዘር ይይዛል። አንዱ ፍሬ ከ20 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፣ ለመብሰልም ስድስትና ሰባት ዓመት ይፈጅበታል።

ሴቴና ወንዴ ዛፉ ለየብቻ ነው። የሴቴዋ ፍሬ የሰው ዳሌ ይመስላል፤ የወንዴውን አበባ ደግሞ አስጎብኚው ሲያሳያችሁ ከአማታችሁ ጋር ባትሆኑ ይመረጣል። ቅጠሉን ቀና ብላችሁ እዩት። እንደ አሸንዳ የተሸበሸበ ነው። ዝናብ ሲወርድ ውሃውን ከነአቧራው፣ ከነወፍ ኩሱ ሰብስቦ ወደ ገዛ ግንዱ ሥር ያወርደዋል። በደሃ አፈር ላይ ያን የሚያህል ፍሬ የሚያፈራው ራሱን በዚህ መንገድ እየመገበ ነው። ነፋስ ሲነሳ ቅጠል ከቅጠል ጋር ይፋተግና ከላይ ይንኳኳል። የአገሪቱ ብሔራዊ ወፍ የሆነው ጥቁር በቀቀንም እዚህ ነው ያለው። ጠዋት በጊዜ ከገባችሁ ድምፁን ልትሰሙ ትችላላችሁ።

ጄኔራል ጎርደን፣ በ1879 እ.ኤ.አ. ከግብፅ ተልኮ ደብረ ታቦር ድረስ ከአፄ ዮሐንስ ዘንድ የመጣው፣ በኋላም ካርቱም ላይ በማህዲስቶች የተገደለው፣ በ1881 ፕራስሊንን አይቶ ነበር። ይህ ጫካ ኤደን ገነት ነው ብሎ አመነ። ኮኮ ደ ሜርን ደጉንና ክፉውን የሚያስታውቀው ዛፍ አድርጎ ቆጠረው። የእኛ ሰው ግዮንን ትቶ እዚያ ይሄድለታል ብዬ አልጠብቅም፤ ግን ጫካው ውስጥ ስትቆሙ ሰውየው ለምን እንደዚያ እንዳሰበ ይገባችኋል።

መግቢያው ርካሽ አይደለም። ቢሆንም በሲሼልስ ከምትከፍሉት ሁሉ የማይቆጨው ይሄኛው ነው። ፍሬውን ለመግዛት ካሰባችሁ ሕጋዊ የምስክር ወረቀት ያለውን ብቻ ግዙ። ዋጋው በመቶ ዶላሮች ነው፤ ያለ ወረቀት የተገዛው ደግሞ ከአገር ሲወጣ ይያዛል።

ባህር ዳርቻው አንስ ላዚዮ ውብ ነው፣ ቀን ቀን ግን ይጨናነቃል። አንስ ጆርጄት ለመግባት በአንድ ሪዞርት ግቢ ማለፍ ስለሚጠይቅ አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። ኩሪየዝ ላይ ደግሞ ግዙፍ የየብስ ኤሊዎች እንደልባቸው ይንቀሳቀሳሉ። አንገታቸውን ስታሹላቸው ቆመው ያስረዝሙላችኋል፣ ልጆች በዚህ ያብዳሉ።

ላ ዲግ፦ ፎቶው ራሱ

ከፕራስሊን በጀልባ ሩብ ሰዓት ነው። 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። መኪና ጥቂት ነው፤ ሁሉም ሰው በብስክሌት ይሄዳል። ስታርፉ ወደቡ ላይ የሚያከራዩ ይጠብቋችኋል። ከመክፈላችሁ በፊት ፍሬኑን ሞክሩት፤ ወደ ግራንድ አንስ የሚወስደው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት አለው።

ያ ቋጥኝ ያለበት ዳርቻ አንስ ሱርስ ዳርዣን ይባላል። የሚገባው ሉኒዮን እስቴት በሚባል የድሮ እርሻ በኩል በክፍያ ነው። በመንገዱ ላይ ቫኒላ፣ የኤሊ በረት፣ በሬ እየጎተተው ኮኮናት የሚጨምቅ የጥንት መጭመቂያ ታያላችሁ። ከዚያ ቋጥኞቹ ይጀምራሉ። ቤት የሚያክሉ ናቸው፤ ዝናብና ጊዜ ከላይ ወደ ታች ቦይ ቦይ አድርጎ ፈልፍሏቸዋል፤ ማታ ላይ ግራጫው ወደ ሮዝ ይቀየራል። በመካከላቸው ያለው አሸዋ ግን ጠባብ ነው። ባህሩ ሲሞላ ጭራሽ ይጠፋል፣ ቦርሳችሁን በራሳችሁ ላይ ተሸክማችሁ ትሻገራላችሁ። የሞላና የጎደለ የሚልበትን ሰዓት ማረፊያችሁን ጠይቁ። ውሃው በኮራል አጥር ስለተከለለ ጥልቀቱ ወገብ አካባቢ ነው። ዋና ለማይችል ሰው፣ እኛ ደገኞች ደግሞ ብዙዎቻችን አንችልም፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በደሴቲቱ ማዶ ያሉት ግራንድ አንስና ፔቲት አንስ ግን ሰው የሚወስድ ሞገድ አላቸው። ለዓይን ብቻ ተዉአቸው።

እንግዲህ ክርክሬ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ፓኬጅ ላ ዲግን "የቀን ጉብኝት" አድርጎ ይሸጣል። ከማሄ በጠዋት ጀልባ ተነስታችሁ፣ ከሌላው የቀን ጎብኚ ጋር እኩል ደርሳችሁ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናታችሁን እየመታ ፎቶ ለመነሳት ወረፋ ትይዛላችሁ። ማታ የመጨረሻው ጀልባ ሲሄድ ደሴቲቱ ጸጥ ትላለች፣ ያኔ ግን እናንተ ጀልባው ላይ ናችሁ። እዚያው ያደረ ሰው ጠዋት ቀዳሚው ጀልባ ሳይመጣ ዳርቻውን ለብቻው ያገኘዋል። ሁለት ሌሊት እደሩበት። ሁለት ካልተቻለ ፕራስሊን አድራችሁ መሻገሩ ከማሄ ከመምጣት ይሻላል። ማታ ማታ ሞቅ ያለ ነገር የሚፈልግ ግን ላ ዲግ ሁለተኛው ቀን ላይ ይሰለቸዋል።

ወሩ

ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል። ዝናቡ ያንሳል፣ አየሩ ቀለል ይላል። ባህሩ ግን ይናወጣል፣ በምሥራቅና በደቡብ ያሉ ዳርቻዎች በባህር አረም ይሞላሉ፣ የማሄና ፕራስሊን ጀልባም ሆድ ያገለብጣል። በዚህ ወቅት ቦ ቫሎንና አንስ ላዚዮ ጸጥ ያሉ ናቸው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ነው፣ ዝናቡም ይበረታል። የገናን ዕረፍት ለመጠቀም የምታስቡ ይህን እወቁ፣ ዋጋውም ያኔ ነው ጣራ የሚነካው። ለእኔ ሚያዝያ አካባቢ ወይም ጥቅምት ይበልጣል።

ወጪው

በሦስቱም ደሴት ምግብ ውድ ነው፣ ብዙው ነገር በመርከብ የሚገባ ነውና። ከሆቴል ይልቅ ማብሰያ ያለው አነስተኛ ማረፊያ ያዙ። ምሳ ከመንገድ ዳር ቴክአዌይ ግዙ፤ በሣጥን ሩዝ፣ የዓሣ ካሪ፣ ምስርና ሰላጣ ይሰጧችኋል። ጾመኛ አይቸገርም፤ ብዙ ነገር በኮኮናት ወተት ይሠራል፣ ምስርም አይጠፋም። ማሄ ላይ መኪና ለመከራየት ያሰበ ሰው በግራ በኩል እንደሚነዳ ያስታውስ። የተራራው መንገድ ጠባብ ነው፣ ጠርዙም ብዙ ቦታ አጥር የለውም።

ቪዛ ለአብዛኛው አገር ዜጋ፣ ለኢትዮጵያዊም ጭምር፣ አያስፈልግም። ይህ ለሐበሻ ፓስፖርት ብርቅ ነው። ሆኖም ከመነሳታችሁ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ሞልታችሁ ክፍያውን መፈጸም፣ የመመለሻ ቲኬትና የተያዘ ማረፊያ ማሳየት ግድ ነው። ከኢትዮጵያ የሚነሳ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይያዝ። ከዱባይና ከዶሃ ቀጥታ በረራ ስላለ የዓረብ አገር ነዋሪዎችም አይቸገሩም።

የመጨረሻዋን ሌሊት ማሄ ላይ አድርጓት። ነፋስ ሲበረታ ጀልባ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይሰረዛል፤ አውሮፕላኑ ግን አይጠብቅም። ቅደም ተከተሉ ከአየር ማረፊያ በቀጥታ ወደ ፕራስሊን ጀልባ፣ ከዚያ ላ ዲግ፣ ከዚያ ማሄ ቢሆን አንድ የወደብ ቀን ይተርፋችኋል። አውሮፕላናችሁ ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ የሚያርፍ ከሆነ ብቻ የመጀመሪያዋንም ሌሊት ማሄ እደሩ፣ የዕለቱ የመጨረሻ ጀልባ ቀድሟችሁ ሊሄድ ይችላልና።