ሸራዬን ለወጠሩልኝ የቱሉ ዲምቱው ጋሼ

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ካሰብኩ ወራት አለፉ። ዛሬ ነገ እያልኩ አቆየሁት። ባለፈው ቅዳሜ ግን አንዲት ጎረቤቴ "ስዕል መጀመር እፈልጋለሁ፣ ከየት ልነሳ?" ብላ ስትጠይቀኝ፣ መልሱን ለሌላውም ማድረስ እንዳለብኝ ተሰማኝ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ የፎቶና የስዕል ፍሬም የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ሰፈርተኛው ሁሉ "ጋሼ ፍሬም" ነው የሚላቸው። በአክሪሊክ፣ ማለትም በውሃ በሚቀጥነው የስዕል ቀለም፣ መሳል ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ፣ በተለይ በኛ በኩል፣ ኮዬ ፈጬም ሆነ አቃቂ የምትኖሩ፣ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት እሳቸው ጋ ጎራ በሉ።

እኔ እንዴት እንደደረስኩባቸው ልንገራችሁ።

አምና ጥቅምት ላይ እህቴ ከውጭ ስትመጣ 12 ትንንሽ ቱቦ ያለው የአክሪሊክ ቀለም ይዛልኝ መጣች። ልጅ ሆኜ ደብተሬ ሁሉ በስዕል የተሞላ እንደነበር አልረሳችውም። እኔ ግን ብሩሽ ከያዝኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ሸራ የሚባለው ነገር ደግሞ እንዴት እንደሚዘጋጅ ጨርሶ አላውቅም። ስልኬ ላይ ቪዲዮ ከፈትኩ። ሁሉም "መጀመሪያ ጨርቁን ጄሶ ቀቡት" ይላሉ። ጄሶማ እናውቃለን! ግድግዳና ኮርኒስ የሚለሰንበት ነዋ። ከህንጻ መሣሪያ መደብር አንድ ኪሎ ገዛሁ፣ በውሃ በጠበጥኩ፣ አቡጀዴ ላይ ለቀለቅኩ። ሲደርቅ ነጭና ለስላሳ ሆኖ አማረኝ። ሁለት ማታ ቁጭ ብዬ የእናቴን ጀበና ከነረከቦቱ ሳልኩበት። በሦስተኛው ቀን ላነሳው ስል ጨርቁ ትንሽ ታጠፈ፣ ጀበናውም ከነጄሶው ተሰነጣጥቆ ወለሉ ላይ ረገፈ። በጣም ነው ያዘንኩት። የተረፈውን ፍሬም ውስጥ ካስገባሁት ይያዝልኛል ብዬ ይዤው ወጣሁ፤ ሰዎች እሳቸውን ጠቆሙኝ።

ጋሼ ጨርቁን ገለጥ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ "ልጄ፣ ስዕሉ አልተበላሸም፤ የተበላሸው መሬቱ ነው" አሉኝ። መሬት የሚሉት ከቀለሙ ሥር ያለውን ቅብ ነው። በትእግስት አስረዱኝ። የግንባታ ጄሶ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። ጨርቅ ደግሞ ይተጣጠፋል፣ ይሳባል፣ ይላላል። ድንጋይ ከጨርቅ ጋር አብሮ መታጠፍ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ሠዓሊዎች ጄሶ የሚሉት ሌላ ነው። ነጭ ዱቄቱ የሚያዘው በአክሪሊክ ሙጫ ስለሆነ ከደረቀ በኋላም እንደ ላስቲክ ይለመጣል። ስማቸው አንድ፣ ነገራቸው ለየቅል። እባካችሁ እናንተ እንዳትሳሳቱ!

የሚገርመው፣ ያን ቀን ምንም አልሸጡልኝም። ፍሬሙን ልክፈል ብላቸው "ለዚህ ፍሬም ብሠራልሽ ገንዘብሽን መብላት ነው" አሉና መለሱኝ። "አቡጀዴሽን በሙቅ ውሃ እጠቢና ቅዳሜ ነይ" አሉኝ። አዲስ አቡጀዴ ስታርች አለው፣ ሲታጠብም ያጥራል። ሳይታጠብ ከተወጠረና ከተቀባ ኋላ ያስቸግራል።

ቅዳሜ ስሄድ ሁሉንም ፊቴ ሠሩት፣ ግማሹንም እኔን አሠሩኝ። ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ የምጽፈው ሥራቸውን ሳላሳይ ማመስገን ስላልፈለግኩ ነው።

እንጨታቸው በደንብ የደረቀ ነው። ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ያሠራሁት የፎቶ ፍሬም በሁለት ወር ውስጥ ተጣሞብኝ ነበር፤ ምክንያቱ የገባኝ እዚህ ነው። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጠማዘዛል። ጋሼ ሞራሌውን ገዝተው ጣሪያቸው ሥር ደርድረው ያከርሙታል። ከቆረጡት በኋላ ማእዘኑን በስኳድራ ይለካሉ። ከዚያ ደግሞ ከጥግ ጥግ በሜትር ሁለቱንም ሰያፍ ይለካሉ፤ እኩል ካልመጣ ይፈቱታል። በጨርቁ በኩል ያለውን የእንጨት ፊት በመላጊያ ወደ ውስጥ ዘንበል ያደርጉታል። ለምን ስላቸው፣ ጨርቁ እንጨቱን ከነካ ስንቀባ የእንጨቱ ጠርዝ በስዕሉ ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል አሉኝ። በኋላ ከመሃል ከተማ የገዛሁትን ርካሽ ሸራ ሳየው በትክክል ያ መስመር አለበት።

ውጠራው ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ለ40 በ50 ሴንቲ ሜትር ሸራ ጨርቁን በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር አስተርፈው ይቆርጣሉ። የመጀመሪያው ስቴፕል የሚመታው የአንዱ ጎን መሃል ላይ ነው። ሁለተኛው ፊት ለፊቱ ካለው ጎን መሃል። ከዚያ የቀሩት ሁለት ጎኖች መሃል። እንዲህ ፊት ለፊት እየተያዩ ወደ ጥግ ይሄዳሉ። እኔ ከጥግ ልጀምር ስል እጄን ያዙኝ። ከጥግ ከተጀመረ ጨርቁ መሃሉ ላይ ይሸበሸባል። ሲያልቅ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፤ እንደ ከበሮ ድው አለ። "እንዲህ ካላለ ከቤቴ አይወጣም" አሉኝ። በማእዘኖቹ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ ሽብልቅ ያስገባሉ። ጨርቁ ከወራት በኋላ ሲላላ ሽብልቁን በመዶሻ ነካ ማድረግ ነው፣ ይወጠራል።

ለመሬቱ የውጭውን የሠዓሊ ጄሶ ማግኘት ለሁሉም አይሆንም፤ ሲገኝም ውድ ነው። እሳቸው ነጭ የፕላስቲክ ቀለም ከእንጨት ኮላ ጋር ቀላቅለው በስሱ ይቀባሉ። ለመለማመጃ ይበቃል ይላሉ፤ ዘመን ይሻገራል ብለው ግን አያታልሉም። ሦስት ጊዜ፣ አንዱ አግድም ከሆነ ቀጣዩ ቁልቁል። በየመሃሉ ሲደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይታሻል።

ይህን ሁሉ ከየት አወቁት? ወጣት ሳሉ ፍሬም ቤት ተቀጥረው ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ሸራ ይወጥሩ ነበር። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱትን ትምህርት ቤት ማለቴ ነው። ተማሪዎቹ ሲያወሩ እየሰሙ ስለ ቀለም ብዙ ተማሩ። እሳቸው ራሳቸው አይስሉም። ግን አንድን ሥራ አይተው የቱ ጋ እንደተቸገርኩ ይነግሩኛል።

ለምሳሌ ቀለሙን ውሃ አብዝቼበት ነበር። አክሪሊክ በውሃ ይቀጥናል፤ ደግነቱም ይኸው ነው። እንደ ዘይት ቀለም አኳራጅ አይፈልግም፣ ቤት ውስጥ አይሸትም፣ ልጆች ባሉበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይመቻል። ግን ውሃው ከቀለሙ ከበለጠ ቀለሙን የሚይዘው ሙጫ ይላላል። ሲደርቅ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም በእርጥብ ጨርቅ ሲነካ ይለቃል። "ወጥ ውሃ ሲበዛበት ምን ይሆናል?" አሉኝ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ሁለተኛው ችግሬ ፍጥነቱ ነበር። በበጋ የኛ ሰፈር ንፋስ ታውቁታላችሁ። ቀጭን ቅብ በ10 እና 15 ደቂቃ ውስጥ ይደርቃል፣ ሰሃን ላይ ያወጣሁት ቀለምም አብሮ ይደርቅብኛል። አሁን ሰሃኑ ላይ እርጥብ ሶፍት አነጥፋለሁ፣ በላዩ የኬክ ወረቀት፣ ቀለሙን በዚያ ላይ ትንሽ ትንሽ። የፀጉር ውሃ መርጫ ጠርሙስም አጠገቤ አለ። ብሩሽ ደግሞ ለአፍታ እንኳ ደርቆ እንዲቀር መተው አይቻልም፤ አንዴ ከደረቀ አክሪሊክ ውሃ አይመልሰውም። ቡና ሊፈላ ነው ተብዬ ተነስቼ ሁለት ብሩሽ ቀብሬአለሁ።

ቀለሙ ሲደርቅ ትንሽ እንደሚጠቁርም ጠብቁ። እርጥብ ሳለ ሙጫው ወተት ስለሚመስል ቀለሙን ያፈካዋል፤ ሲደርቅ ሙጫው ስለሚጠራ ቀለሙ ይጠልቃል። ሰማይ ስትስሉ ከምትፈልጉት ትንሽ ፈካ አድርጉት።

12 ቱቦ አያስፈልግም ነበር፤ ይህ የኔ አስተያየት ነው። አልትራማሪን ሰማያዊ፣ አንድ ቀይ፣ አንድ ቢጫ፣ በርንት ሲየና የሚባለው ሸክላ መሳይ ቡኒ፣ ነጭ። ነጩን ተለቅ ያለ ግዙ፣ ቶሎ ያልቃል። ጥቁር አትግዙ። ሰማያዊውና ቡኒው ሲቀላቀሉ የሚሰጡት ጥቁር ሕይወት አለው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት አይደል? ያንን ቡኒ በትንሽ ቀይና ነጭ ስቀላቅለው በራችን ላይ ያለው አፈር ቁጭ ይላል። ያን ማታ ባለቤቴንና ልጆቼን ጠርቼ አሳየኋቸው።

ስለ ጋሼ እውነቱን ለመናገር፣ ለሚቸኩል ሰው አይሆኑም። አንድ ሸራ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። መብራት ከጠፋም በእጅ መጋዝ ስለሚቆርጡ ይዘገያል። በወር በዓልና እሁድ ዝግ ናቸው። ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ ሸራም አይቀበሉም፣ ቤታቸው ጠባብ ነው። ዋጋቸውን እዚህ አልጽፍም፣ የእንጨት ዋጋ ስለሚለዋወጥ። ግን ያልተገባ ብር ሲጠይቁ አላየሁም። አንድ ጊዜ የወጠሩልኝ ሸራ ስለላላ ብቻ፣ ሳልጠይቃቸው ፈትተው በነጻ ደግመው ሠርተውታል።

አንድ ቀን፣ ለጀማሪ ይህን ያህል ለምን ይደክማሉ አልኳቸው። "ጀማሪ ነው ጥሩ ሸራ የሚያስፈልገው። ባለሙያውማ በመጥፎውም ይሠራበታል። አንቺ ግን ሸራው ሲበላሽብሽ እጅሽ የተበላሸ ይመስልሻል" አሉኝ። ጀበናዬ የረገፈ ዕለት የተሰማኝ ልክ ይኸው ነበር። ያኔ እሳቸውን ባላገኝ ቀለሙን ለልጆቼ ሰጥቼ እተወው ነበር።

ብሔራዊ ሙዚየም እንድሄድም የላኩኝ እሳቸው ናቸው። "ስዕሎቹን ቀርበሽ እያቸው፣ ብሩሹ የሄደበትን ተከተይ" አሉኝ። ሁለት ቅዳሜ ሄድኩ።

ሱቃቸው ከኮንዶሚኒየሙ ወደ አስፋልቱ በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው፤ በሩ ላይ ባዶ ፍሬሞች ተሰቅለው ታያላችሁ። ካጣችሁት "ጋሼ ፍሬም" ብላችሁ ሊስትሮዎቹን ጠይቁ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት ሰው ይበዛባቸዋል።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደምታነብልዎ ቃል ገብታልኛለች። እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። በመስከረም አደይ አበባ ሲያለብሰው የጀመርኩት የረር ተራራ አልቋል፤ ሰማዩንም እንዳሉኝ ፈካ አድርጌዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ። ፍሬሙን አሁን ይሠሩልኛል?